መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ሲሻገር

ማለዳ ሳንሱሲ ላይ ቆሞ የታክሲዎችን ግርግር የተመለከተ ሰው፣ ሚኒባሱ የመንገዱን ጥግ ይዞ ሲቆም በሩ ሁልጊዜ በእግረኛው በኩል እንደሚከፈት ያያል። ሾፌሩ በግራ ተቀምጧል፤ ተሳፋሪው በቀኝ ይወርዳል፤ ረዳቱም ከአስፋልቱ ሳይሆን ከጠርዙ ላይ ሆኖ ይጣራል። ነገሩ እጅግ የተለመደ በመሆኑ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛም እንድንጠይቅ ያስገደደን ከዝግጅት ክፍላችን ባልደረቦች የአንዱ መኪና ነው።

መኪናዋ ከጃፓን ተነሥታ በዱባይ በኩል ወደ አገራችን የገባች አሮጌ ቪትዝ ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ መሪዋ በቀኝ ነበር፤ ወደ ግራ የተሻገረው በጉዞዋ ላይ ነው። ባልደረባችን ከገዛት ጀምሮ ሦስት ነገሮችን ያማርር ነበር። መሪዋ ሲዞር አንዴ ይከብዳል፣ አንዴ ይቀላል። ፍሬኗ በኃይል ሲረገጥ ወደ ታች ይሰምጣል። ማታ ማታ ደግሞ አጭር መብራት አብርቶ እየሄደ ሳለ ከፊት ለፊቱ የሚመጡት ሾፌሮች ሁሉ «መብራትህን ዝቅ አድርግ» በሚል ስሜት ረጅም መብራት ያበሩበታል። አንድ ቀን ፍሬኑ ከሚገባው በላይ ሰምጦ ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ በጥቂት ጣት ርቀት ላይ ሲቆም፣ እዚያው ሳንሱሲ አካባቢ ወደሚገኝ ጋራዥ ወሰዳት። እኛም አብረን ሄድን።

ወደ ጋራዡ ከመግባታችን በፊት ጥቂት ታሪክ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ ተሽከርካሪ የሚነዳው የመንገዱን ግራ ይዞ ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. የአገሪቱ ትራፊክ በአንድ ቀን ወደ ቀኝ ተሻገረ። ስዊድን ተመሳሳይ ለውጥ ያደረገችው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 28 ቀን 1959 ዓ.ም. ሲሆን፣ ናይጄሪያ በ1964፣ ሱዳን በ1965፣ ጋና ደግሞ በ1966 ዓ.ም. ተከትለዋል። ጎረቤታችን ኬንያ እስከ ዛሬ በግራ ትነዳለች፤ በመሆኑም ሞያሌ ላይ ድንበር የሚሻገር ሾፌር ከአገሩ ጋር የመንገዱንም ጠርዝ ይለውጣል። ጃፓንም በግራ ከሚነዱት ወገን ናት። እንግዲህ ኬንያዊው ገዢ የጃፓንን አሮጌ መኪና እንዳለ ሲነዳው፣ ለኛ መንገድ የሚታሰበው መኪና ግን መሪው መሻገር አለበት።

መሪው ለምን በመንገዱ መካከል በኩል መሆን እንዳለበት ማስረዳት አያዳግትም። በቀኝ በሚነዳበት አገር በቀኝ የተቀመጠ ሾፌር፣ ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም ሲፈልግ የሚታየው የዚያ መኪና ጀርባ ብቻ ነው። ከወዲያ የሚመጣውን ለማየት የመኪናውን ግማሽ አካል አስቀድሞ ወደ አደጋው ማስገባት ይኖርበታል። አምቦ መንገድ ላይ በጭነት መኪና ኋላ የተጓዘ ሁሉ የዚህን ትርጉም ያውቀዋል።

ወደ ጋራዡ እንመለስ። ዋናው መካኒክ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ንግግራቸው የተቆጠበ ሰው ናቸው። ከመካከላችን አንዱ፣ «መሪውን ለማሻገር ዕቃውን ገልብጦ በሌላው በኩል መግጠም አይበቃም ወይ?» ብሎ ሲጠይቃቸው መልስ አልሰጡም። ከመደርደሪያ ላይ የአሮጌ መኪና ራክ አውርደው አስታቀፉንና «እስቲ እናንተ ግጠሙት፣ ልጆቼ» አሉን።

ራክ ማለት በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል አግድም የሚተኛ ጥርስ ያለው ዘንግ ነው። ፒኞን የሚባል ትንሽ ጥርሰኛ ክብ ይነክሰዋል፤ ፒኞኑን የሚያዞረው ከመሪው የሚወርደው ዘንግ ነው። የሰጡን ራክ ፒኞኑ በቀኝ ጫፍ በኩል ነበር። ቀኝ ጫፉን ወደ ግራ አድርገን፣ ሆዱን ወደ ላይ ገለበጥነው። ፒኞኑ ወደ ግራ መጣ፤ አንገቱም እንደ ቀድሞው ወደ ሾፌሩ ዞሮ ቀረ። ደስ አለን። «አሁን ወደ ቀኝ አዙሩት» አሉ። ስናዞረው ራኩ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ሄደ! እንዲህ ተገጥሞ ቢሆን ኖሮ ሾፌሩ መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞር መኪናው ወደ ግራ ይሄድ ነበር።

ሁለተኛ ሙከራ አደረግን። ራኩን ሳንገለብጥ፣ እንደ ሰዓት ዘንግ በጠረጴዛው ላይ ግማሽ ዙር አዞርነው። አሁን አቅጣጫው ተስተካከለ፤ ነገር ግን የፒኞኑ አንገት ከሾፌሩ ይልቅ ወደ ራዲያተሩ ዞረ። አንዱን ስናቀና ሌላው ይጣመማል። ሦስተኛውን የማዞሪያ መንገድ ብንሞክር ደግሞ ፒኞኑ ከቀኝ ጫፍ ፈቀቅ አይልም።

ይህ የመካኒኮች ችግር ብቻ አይደለም። ቀኝ እጃችንን የቱንም ያህል ብናዞር፣ ብንገለብጥ፣ ግራ እጅ አናደርገውም፤ የቀኝ እግር ጫማም የግራ አይሆንም። ሁለቱ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ናቸው፤ በማዞር ብቻም ከአንዱ ወደ ሌላው መድረስ አይቻልም። በኬሚስትሪ ትምህርት ይህ ጠባይ ካይራሊቲ ይባላል። የሰውነታችን ፕሮቲኖች የሚገነቡባቸው አሚኖ አሲዶች፣ ከግላይሲን በስተቀር፣ ሁሉም «ግራኝ» ናቸው፤ የመስታወት ምስላቸው በተመሳሳይ አቶሞች ቢሠራም ቦታቸውን አይተካም። ራኩም እንደዚሁ ነው። መሪን በትክክል ለማሻገር የሚያስፈልገው የተገለበጠ ዕቃ ሳይሆን፣ ከመጀመሪያው ለግራ መሪ ተብሎ የተሠራ የመስታወት ምስሉ ነው።

በዚህ ረገድ የቆዩ የስፖርት መኪናዎች ባለቤቶች ዕድለኞች ናቸው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1961 ለገበያ የቀረበው እንግሊዛዊው ጃጓር ኢ-ታይፕ ከ70,000 በላይ ሲመረት፣ የሚበዛው በግራ መሪ ወደ አሜሪካ ተልኳል። ከብዙ ዓመታት በኋላ እንግሊዛውያን አፍቃሪዎቹ እነዚያኑ መኪኖች ወደ አገራቸው እየመለሱ መሪያቸውን ወደ ቀኝ ያሻግሩ ጀመር፤ ይህም የኛ ተቃራኒ ጉዞ ነው። ሥራው ውድ ቢሆንም መንገዱ ግልጽ ነው፤ ፋብሪካው ሁለቱንም ዓይነት ስለሠራ የእያንዳንዱ ዕቃ የመስታወት ምስል በዓለም ላይ አለ። ለቪትዝም እንደዚሁ ነው፤ ያሪስ በሚል ስም ለአውሮፓ ገበያ በግራ መሪ ተሠርታለች። እንዲያውም ቀዳሚዎቹ ቪትዞች የፍጥነት መለኪያቸው በዳሽቦርዱ መካከል ስለሆነ ለአሻጋሪው አንድ ሥራ ያቀልሉለታል። ይሁን እንጂ ትክክለኛውን ዕቃ መግዛት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ርካሹ መንገድ ያለውን ቆርጦ መበየድ ነው።

የባልደረባችን መኪና የተጓዘችው በርካሹ መንገድ ነበር። ኮፋኖው ተከፍቶ መብራት ሲበራበት፣ የቀድሞው ራክ ፒኞኑን በቀኝ እንደያዘ አለ። ከግራው መሪ እስከ ቀኙ ፒኞን ድረስ ረዘም ያለ ዘንግ አግድም ተዘርግቷል። በሁለቱ ጫፎቹ ክሮቼራ አለው፤ መካከሉ ላይ ደግሞ የብየዳ ጠባሳ ይታያል።

ክሮቼራ ሁለት ዘንጎች በማዕዘን እንዲገናኙ የሚያደርግ፣ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ መገጣጠሚያ ነው። ጥቅሙ የታወቀ ቢሆንም አንድ ተንኮል አለው። መሪው በእኩል ፍጥነት ቢዞር እንኳ ከክሮቼራው ማዶ ያለው ዘንግ በእኩል ፍጥነት አይዞርም። መታጠፊያው 30 ዲግሪ ቢሆን የማዶው ዘንግ ፍጥነት ከመሪው ፍጥነት 0.866 እጥፍ እስከ 1.155 እጥፍ ድረስ ይዋዥቃል፤ የመጀመሪያው ቁጥር የ30 ዲግሪ ኮሳይን፣ ሁለተኛው ደግሞ የዚሁ ግልባጭ ነው። ይህም በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይደጋገማል። መድኃኒቱ ሁለት ክሮቼራ በእኩል ማዕዘን መጠቀም ነው፤ የመካከለኛው ዘንግ ሁለት ሹካዎች በአንድ ጠለል ላይ ከተሰለፉ የአንደኛውን ዥዋዥዌ ሁለተኛው ያጠፋዋል። በያጁ ይህን አላወቀም ወይም ቸኩሏል። ሁለቱን ሹካዎች በ90 ዲግሪ አፋልሶ በይዷቸዋል። እንዲህ ሲሆን ስሕተቶቹ በመጠፋፋት ፈንታ ይባዛሉ፤ በ30 ዲግሪው ምሳሌያችን ውዥዋዤው ከ0.75 እስከ 1.33 እጥፍ ይደርሳል። ባልደረባችን በእጁ ይሰማው የነበረው መክበድና መቅለል ይኸው ነው።

መካኒኩን ያስጨነቃቸው ግን ውዥዋዤው አልነበረም፤ ጠባሳው ነው። ያ ብየዳ ቢላቀቅ መሪው በሾፌሩ እጅ ላይ እንደ አሻንጉሊት በከንቱ ይዞራል። በተጨማሪም በዘመናዊ መኪና የመሪው ዘንግ በግጭት ጊዜ እንዲተጣጠፍ ወይም ወደ ራሱ እንዲሰበሰብ ሆኖ ይሠራል፤ ደረቅ ብረት የተበየደበት ዘንግ ግን በግጭት ጊዜ አቅጣጫው ወደ ሾፌሩ ደረት ነው።

ፍሬኑም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ፔዳሉ ወደ ግራ ሲሻገር የፍሬን ማስተሩና ሰርቮው በቀኝ ቀርተዋል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ከዳሽቦርዱ ሥር የተዘረጋ አግድም ዘንግ ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ይህ ዘንግ ይጠመዘዛል። ተማሪ አንባቢዎቻችን ስሌቱን ራሳቸው ሊሠሩት ይችላሉ። እግር በ400 ኒውተን ቢረግጥና የፔዳሉ ክንድ 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የሚጠመዝዘው ኃይል 100 ኒውተን-ሜትር ይሆናል። 80 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 20 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው የብረት ዘንግ በዚህ ኃይል ወደ 3.6 ዲግሪ ገደማ ይጠመዘዛል፤ ፔዳሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይህ 1.6 ሳንቲ ሜትር ነው። ዲያሜትሩን ወደ 15 ሚሊ ሜትር እናውርደው። ጥምዘዛን የመቋቋም ብቃት ከዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚመጣጠን፣ ፔዳሉ 5 ሳንቲ ሜትር ይሰምጣል፤ ያውም ፍሬኑ ራሱ ገና ምንም ተጨማሪ ሥራ ሳይሠራ። ከቪትዟ የወጣውን ዘንግ በካሊፐር ለካነው። ከ15 ሚሊ ሜትር ጥቂት ያንስ ነበር።

ባልደረባችን ይህን ሲሰማ ዝም አለ። በዚያች መኪና ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲያደርስ ነው የከረመው።

ሚኒባስ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ለጃፓን መንገድ የተሠራ ሃይኤስ የተሳፋሪ በሩ በግራ ነው፤ እዚያ የእግረኛው ጠርዝ በግራ ነውና። መሪው ብቻ ተሻግሮ በሩ ባለበት ቢቀር ተሳፋሪው የሚወርደው ወደ መንገዱ መካከል ይሆናል። በሩን ለማዛወር የመኪናውን ጎን ቆርጦ ላሜራ መለጠፍ፣ ይህም የአካሉን ጥንካሬ መንካት ነው።

ሦስተኛው አቤቱታ የቀረው መሽቶ ነበር፤ ለማየት ጨለማ ያስፈልግ ነበርና። መካኒኩ መኪናዋን ከጋራዡ ግንብ 10 ሜትር ያህል አርቀው አቆሙና አጭር መብራቱን አበሩ። የአጭር መብራት ብርሃን ክብ አይደለም። የላይኛው ድንበሩ በአግድም ተቆርጦ ይሄድና፣ በአንድ ወገን ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ በአውሮፓው ሥርዓት ይህ ከፍታ በተለምዶ 15 ዲግሪ ነው። ከፍ የሚለው በእግረኛው በኩል ነው፤ ዓላማው ጠርዙንና በጠርዙ የሚሄደውን ሰው ለማሳየት፣ በሌላው በኩል ደግሞ የመጪውን ሾፌር ዓይን ለማዳን ነው። በግንቡ ላይ የታየን መስመር ከፍ የሚለው ወደ ግራ ነበር። ይህች መኪና በየምሽቱ ብርሃኗን ከመጪው ሾፌር ዓይን ላይ ስትወረውር፣ በቀኝ ጠርዝ የሚሄደውን እግረኛ ግን በጨለማ ትተወው ነበር። አምፖሉን መለወጥ አይረዳም፤ ቅርጹን የሚሰጠው መስታወቱና አንጸባራቂው ስለሆነ ሙሉው መብራት ይለወጣል። መኪና ያለው ቤተሰብ ሁሉ ይህን ፍተሻ ያለ አንዳች መሣሪያ፣ በገዛ ግቢው አጥር ላይ ሊያደርገው ይችላል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ብዙዎች ዓይናቸውን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙረዋል። ከዚህም የሚበዛው የሚመጣው ከቻይና ነው፤ ቻይና በቀኝ ትነዳለችና መሪው ከፋብሪካው በግራ ነው። ስለዚህ የማሻገር ሥራው እየቀነሰ ቢሄድ አያስገርምም። ከዚያ በፊት የገቡት ግን ገና ብዙ ዓመት በመንገዶቻችን ላይ ይሄዳሉ፤ እንደ ባልደረባችን ያለው ገዢም ከዳሽቦርዱ ሥር ምን እንዳለ አይቶ አያውቅም።

ጥገናው ከሁለት ሳምንት በላይ ወሰደ። ለግራ መሪ የተሠራ አሮጌ ራክ ከነዘንጉ ተገኘ፤ የፍሬን ማስተሩና ሰርቮው ወደ ግራ መጡ፤ የፊት መብራቶቹም ተለወጡ። መኪናዋን የተረከብን ምሽት መካኒኩ እንደገና ከግንቡ ፊት አቆሟት። መስመሩ ወደ ቀኝ ከፍ ብሏል። ከሳንሱሲ ስንመለስ ከፊት የመጣ ሾፌር ሁሉ በሰላም አለፈን።

ጥቂት ቆይቶ ማካፋት ጀመረ። ባልደረባችን የዝናብ መጥረጊያዎቹን ሲያስነሣቸው፣ ከእሱ ፊት ለፊት በግራው የመስታወት ጥግ አንድ ሦስት ማዕዘን ሳይጠረግ ቀረ፤ ከእኛ ወገን ያለው ግን እስከ ጥጉ ጠርቶ ነበር። መጥረጊያዎቹን የሚቀይራቸው አልነበረም። እነሱ እስካሁን የሚጠርጉት በቀኝ ለተቀመጠው ሾፌር ነው።