የአሮጌ አውቶሞቢል ካምቢዮ ማርሽ አልቀይር ሲል
ካምቢዮ ከመግዛት በፊት ሊደረግ ስለሚገባው ምርመራ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎሐ ጽዮን በኩል የዓባይን በረሃ የሚወርድ፣ በደጀን በኩል ሽቅብ ወጥቶ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን የሚያልፍ ነጋዴ በዚህ አንድ ጕዞ የአውቶሞቢሉን ጤና በሚገባ ለማወቅ ይችላል። መንገዱ ከደጋው አፋፍ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቍልቍል ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ስለሚወጣ፣ በከተማ ሜዳ ተሸሽጎ የኖረ ጕድለት ሁሉ በዚያ ይገለጣል። ከጕድለቶቹም መካከል ባለንብረቱን አብዝቶ የሚያሳስበውና ለከባድ ወጪ የሚዳርገው የአውቶማቲክ ካምቢዮ መታወክ ነው።

ይህ ጕዳይ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ክብደት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸው ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ስለዚህ በእጅ የሚገኘው ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ኮሮላ በቀላሉ የማይተካ ሀብት ሆኗል። «ካምቢዮው አልቆለታል» ተብሎ ሌላ ከተገዛ በኋላ ጥፋቱ የአንድ ሽቦ ወይም የጥቂት ዘይት ሆኖ ቢገኝ፣ ኪሳራው የሚወድቀው በባለንብረቱ ላይ ነው።

አውቶማቲክ ካምቢዮ በገበያ ላይ በሰፊው የታወቀው፣ የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ሃይድራማቲክ የተባለውን ካምቢዮ በ1939 እ.ኤ.አ. ካቀረበ ወዲህ ነው። ሾፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ በእጁ የሚፈጽመውን ሥራ በዚህ ካምቢዮ ውስጥ በፓምፕ የሚገፋ ዘይት ይፈጽመዋል። ዘይቱ የሞተሩን ኀይል ያሸጋግራል፤ የውስጥ ፍሪሲዮኖችን ያጣብቃል፤ ዕቃውን ያለሰልሳል፤ ሙቀቱንም ይቀበላል። የዘይቱን መንገድ የሚከፍቱትና የሚዘጉት ሶሌኖይድ የተባሉ የኤሌክትሪክ ቫልቮች ሲሆኑ፣ የሚያዛቸውም ኮምፒዩተር ነው። እንግዲህ ምርመራው ቅደም ተከተል ሊኖረው ይገባል፤ ይኸውም በመጀመሪያ ዘይቱ፣ ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ፣ በመጨረሻም የውስጡ ዕቃ ነው።

የዘይት መለኪያ ዘንግ ባላቸው የቶዮታ አውቶሞቢሎች ዘይቱ የሚለካው መኪናው ከተነዳና ከሞቀ በኋላ፣ በሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው። የማርሹ ዘንግ በየቦታው አንድ ጊዜ ከተዘዋወረ በኋላ ወደ «ፒ» ተመልሶ ይታያል። ሞተሩን አጥፍቶ መለካት ሐሰተኛ መልስ ይሰጣል። ጤነኛ ዘይት ቀላ ያለና ጥሩ ነው። ጠቍሮ የተቃጠለ ነገር ቢሸት ፍሪሲዮኖቹ መበላታቸውን ያመለክታል፤ እንዲህ ያለውን ካምቢዮ አዲስ ዘይት ብቻውን አያድነውም። ወተት የመሰለ ከሆነ ግን ከራዲያተሩ ውሃ ገብቶበታልና መኪናውን ፈጽሞ መንዳት አይገባም።

ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ፍጥነት የማይጨምር እንደሆነ፣ ወይም «አር» ሲገባ ቆይቶ የሚይዝ እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የዘይት ማነስ ነው። ከ«ኤን» ወደ «ዲ» ሲገባ በኀይል የሚመታ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ የሚያርፍባቸው ጎማዎች መበጠሳቸውን፣ ሞተሩም በቆመበት ከልክ በላይ አለመዞሩን አስቀድሞ ማየት ያሻል። በቀድሞዎቹ ኮሮላዎች ከነዳጅ መስጫው ወደ ካምቢዮው የሚሄድ ገመድ አለ። ገመዱ ሲላላ ማርሹ ያለጊዜው ይቀየራል፤ ሲጠብቅ ዘግይቶና እየመታ ይቀየራል። ይህን ለማስተካከል ካምቢዮ ማውረድ አያስፈልግም።

«ኦዲ ኦፍ» የሚለው መብራት ሳይነካ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ኮምፒዩተሩ ጥፋት መዝግቧል ማለት ነው። መካኒኩ መፍቻ ከማንሣቱ በፊት የተመዘገበውን ቍጥር በመሣሪያ ያንብብ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሶሌኖይድ፣ የፍጥነት ጠቋሚ ወይም የላላ የሽቦ ማያያዣ ሆኖ ይገኛል። በእንጅባራ ብርድ ጧት ላይ የመጨረሻው ማርሽ ለጥቂት ደቂቃ አልገባም ቢል ግን ሕመም አይደለም፤ ኮምፒዩተሩ ሞተሩ እስኪሞቅ ይጠብቃልና። ቀኑን ሙሉ ካልገባ ቴርሞስታቱ ይመርመር።

ከዚህም ሌላ የሞተርን ድካም ከካምቢዮ ሕመም መለየት ያስፈልጋል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ወደ 10 በመቶ ገደማ ኀይሉን ያጣል። ቡሬ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ዳገት ላይ ማርሹ ቶሎ ወደ ታች ቢመለስ ካምቢዮውን ብቻ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው። የአየር ፊልትሮውና ካንዴላዎቹም ይታዩ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ የዘይቱ ዓይነት ነው። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከተሠሩት ቪትዞች ብዙዎቹ የተደረደረ ማርሽ የላቸውም። ኀይሉን የሚያስተላልፉት በሁለት ፑሌዎች መካከል በሚዞር የብረት ቀበቶ ነው። እንዲህ ያለው ካምቢዮ «ማርሽ አይቀይርም» ተብሎ ሊከሰስ አይገባም፤ ተፈጥሮው ነውና። ለእርሱ የተሠራው ዘይት ልዩ ሲሆን፣ የተራው አውቶማቲክ ዘይት ቢጨመርበት ቀበቶው እየተንሸራተተ ይበላል።

በዓባይ በረሃ ለሚጓዝ ሾፌር ደግሞ ጥቂት ምክር አለ። በዳገቱ የ«ኦዲ»ን ቍልፍ ማጥፋት ማርሹ ወዲያና ወዲህ እንዳይዋልል፣ ዘይቱም እንዳይግል ይረዳል። በቍልቍለቱ ወደ «2» ወይም ወደ «ኤል» ዝቅ ማድረግ ፍሬኑን ያሳርፋል። «ኤን» ላይ አድርጎ መልቀቅ አደጋ ነው። መኪናው በመንገድ ቢቆም፣ ሞተሩ ሲጠፋ የካምቢዮው ፓምፕም ስለሚቆም፣ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ነክተው ከፍኖተ ሰላም እስከ ባሕር ዳር መጎተት የቀረውን ዕቃ ይፈጃል። ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነው ለዚህ መንገድ በጭነት መኪና ላይ ማሳፈር ይሻላል።

በመጨረሻም ማሳሰቢያው ለነጋዴዎቻችን ነው። አስመጪው በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው የዘይት ዓይነት ለየትኛው ካምቢዮ እንደሚሆን በአማርኛ ቢያስታውቅ፣ ባለሱቁም ከመሸጡ በፊት የመኪናውን ዓመትና በመለኪያው ዘንግ ላይ ያለውን ጽሑፍ ቢጠይቅና የሸጠውን ዓይነት በደረሰኙ ላይ ቢያሰፍር፣ ገዥው ከጥፋት ይድናል፤ ሻጩም ከክርክር። ያገለገለ ካምቢዮ የሚሸጥም ቢሆን የካምቢዮውን መለያ ቍጥር ከገዥው መኪና ጋር አስተያይቶ፣ ዘይቱን በገዥው ፊት አሳይቶ ያስረክብ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለቤት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለዘይትና ለካምቢዮም ይሠራል።