የአሮጌ ቬስፓ ፒስተን፦ ርካሹ የሚወደደው የት ላይ ነው?

ከልደታ ተነስቶ በተክለሃይማኖት በኩል ወደ ሶማሌ ተራ የሚያቀና ሰው የመለዋወጫ ገበያው ቋንቋ አዲስ አይሆንበትም። «ኦሪጂናል ነው፣ ታይዋን ነው፣ ከተፈታ ሞተር የወጣ ነው» ይባላል፤ ዋጋውም በዚሁ ይቆረጣል። ለአሮጌ ቱ ስትሮክ ሞተር፣ በተለይም ለቬስፓ፣ ፒስተን ለሚገዛ ሰው ግን ይህ መለኪያ አይበቃውም።

ለምን? ቤንዚንና ዘይት ቀላቅሎ በሚጠጣው በዚህ ሞተር ራስ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ የለም። ጢሱ የሚወጣበትንና አዲሱ ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚከፍተውም የሚዘጋውም ራሱ ፒስተኑ ነው። ስለዚህ ወርዱ ልክ ሆኖ ቁመቱ ወይም ቅርጹ የተለየ ፒስተን ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል፤ ሥራውን ግን አይሠራም። በርካታ የቆዩ ባለ 150 ቬስፓዎች የሲሊንደራቸው ወርድ 57 ሚሊሜትር ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው «ስፕሪንት ቬሎቼ» ሦስተኛ የድብልቅ ማስተላለፊያ ስላለው የፒስተኑ ቀሚስ መስኮት ሊኖረው ይገባል። ለቀድሞው ስፕሪንት የተሠራው ፒስተን ይህ መስኮት የለውም። «57 ስጠኝ» ብሎ ብቻ የሚገዛ ሰው ዕጣ እንደቆረጠ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሒሳብ ነው። ለእነዚህ ሞተሮች ፒስተን በተለምዶ በ0.2 ሚሊሜትር እያደገ 57.2፣ 57.4፣ 57.6 እየተባለ ይመጣል። የተበላ ሲሊንደር ቶርኖ ቤት ገብቶ ወደሚቀጥለው ልክ ይሰፋል፤ አዲስ የውስጥ ሽፋን ካልገባለት በቀር ተመልሶ አይጠብም። እንግዲህ ሲሊንደሩን እንደ ካፒታል፣ እያንዳንዱን ማስፋት ደግሞ ከካፒታሉ እንደተነሣ ወጪ ማየት ነው። ቶሎ የሚበላ ርካሽ ፒስተን የገዛ ሰው የሚከስረው የፒስተኑን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የቶርኖውን ክፍያና ከሲሊንደሩ ዕድሜ አንድ ደረጃ ጭምር ነው።

ከመግዛት በፊት ሲሊንደሩ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ይለካ። ከዚያ መበላቱን ሊያጠፋ የሚችለው ትንሹ ልክ ይመረጥ። ቅደም ተከተሉ ፒስተን መጀመሪያ፣ ቶርኖ በኋላ ነው። ሲሊንደሩ የሚሰፋው በእጅ ባለው ፒስተንና አምራቹ በወሰነው ክፍተት ልክ ነውና።

ሳጥኑ ላይ «ፎርጅድ» የሚል ቃል ያየ ገዢ አይደንግጥ። በእኛ ገበያ ቃሉ የሐሰት ዕቃ ወይም ሰነድ መጠሪያ ነው፤ በፒስተን ሥራ ግን አሉሚኒየሙ በቅርጽ ውስጥ ቀልጦ ሳይፈስ በከባድ ግፊት ተጨምቆ ተሠራ ማለት ነው። ጠንካራ ነው፤ ሲግል ግን ብዙውን ጊዜ ይበልጥ ስለሚሰፋ ሰፋ ያለ ክፍተት ይፈልጋል። ለከተማ መንገድ ቬስፓ በቅልጥ የተሠራው ይበቃል።

ከተፈታ ሞተር በወጣ ፒስተን የሪንጉ ቦይ መስፋቱንና የሪንጉን ጫፍ የሚይዘው ትንሽ ችንካር መኖሩን ማየት ነው። ችንካሩ ከሌለ ሪንጉ እየዞረ ሄዶ ጫፉ ቀዳዳው ላይ ይሰበራል። የቀድሞው ፒስተን ተጣብቆ የቆመበት ምክንያት፣ የአየር ማስገባትም ሆነ የዘይት ማነስ፣ ሳይታረም አዲስ መግጠምም ያንኑ ኪሳራ መድገም ነው።

ለነጋዴ፦ አሮጌ ሞተር በብዛት የሚጠይቀው ከፍ ያሉትን ልኮች ነው፤ መደርደሪያን በመጀመሪያው ልክ ብቻ መሙላት ገንዘብ ማሰር ይሆናል። ለደላላና ለገዢ፦ «ሞተሩ አዲስ ተሠርቷል» ሲባል «በስንት ልክ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ቁጥሩ በአብዛኛው ፒስተኑ ራስ ላይ ተቀርጿል። የመጨረሻው ልክ ላይ የደረሰ ሲሊንደር ዛሬ ቢነሣም ከቀጣዩ ጥገና በፊት ሌላ ሲሊንደር ያስገዛል፤ ይህም ከመሸጫው ዋጋ ላይ ሊቀነስ ይገባዋል።