ሳይተኛ የሚጠፋ ላፕቶፕ

በወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ግቢ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ ይህን ችግር ያውቀዋል። መብራት ይሄዳል፤ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ 18 በመቶ ይላል። ተማሪው «ባትሪው ሲያልቅ ራሱ ስሊፕ ያደርጋል» ብሎ መጻፉን አያቋርጥም። ከዚያ ድርግም! ሴቭ ያልተደረገው ገጽ አብሮ ሄደ። በማግስቱ ላፕቶፑ ጥገና ቤት ይገባና ፎርማት ተደርጎ ይወጣል፤ መብራት በጠፋ በመጀመሪያው ቀን ግን ያው ነገር ይደገማል።

ፎርማት ማድረግ ይህን ችግር የሚፈታው ከስንት አንዴ ነው። ቀድሞ መታወቅ ያለበት ላፕቶፑ እንዴት እንደጠፋ ነው፤ ምክንያቱም አጠፋፉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ታዝዞ ይጠፋል፦ ፕሮግራሞቹን ይዘጋል፣ የመዝጊያውን ጽሑፍ ያሳያል፣ ከዚያ ይወጣል። ሌላው ኃይል ይቆረጥበታል፦ ምንም ሳያስጠነቅቅ ስክሪኑ ይጨልማል፣ ፋኑም ይቆማል። በቦታው ካልነበሩ ቻርጀር ሰክተው ያስነሱትና ‹ኢቨንት ቪውወር› የሚባለውን የዊንዶውስ መዝገብ ይክፈቱ። እንደገና በተነሳበት ሰዓት አካባቢ ‹ከርነል ፓወር 41› የሚል ከተመዘገበ ኮምፒውተሩ በወጉ አልተዘጋም ማለት ነው።

ታዝዞ የሚጠፋው ቀላሉ ነው። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ‹ፓወር ኦፕሽንስ› ገብተው የላቀውን ማስተካከያ ሲከፍቱ፣ ባትሪ በሚለው ሥር ‹ክሪቲካል ባትሪ አክሽን› የሚል መስመር አለ። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ምን ይደረግ የሚለው የሚወሰነው እዚያ ነው። ‹ሸት ዳውን› ተብሎ ከተቀመጠ ላፕቶፑ የታዘዘውን ነው የፈጸመው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ‹ስሊፕ› የሚለውን ይመርጣል። እኔ አልመክርም። ስሊፕ ሥራውን የሚያቆየው ሚሞሪው ላይ ነው፤ ሚሞሪ ደግሞ ኃይል ካላገኘ ይዞት የነበረውን ሁሉ ይለቃል። በ3 በመቶ ባትሪ የተኛ ላፕቶፕ መብራት እስኪመለስ ሳይቆይ ሊያልቅበት ይችላል። ‹ሃይበርኔት› ግን የተከፈተውን ሁሉ ከሚሞሪ ወደ ዲስክ ጽፎ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ መብራት ከሦስት ቀን በኋላ ቢመጣም ጽሑፉ ከቆመበት ይገኛል። መብራት መቼ እንደሚመለስ በማይታወቅበት ከተማ የሚበጀው ይኸኛው ነው።

ሃይበርኔት ምርጫው ውስጥ ከሌለ ምናልባት ተዘግቶ ይሆናል። ለዚህ ሥራ የሚያዘው ፋይል ሲ ድራይቭ ላይ በርካታ ጊጋ ስለሚይዝ፣ ቦታ ለማስለቀቅ ብለው የሚዘጉት አሉ። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ከፍቶ በ‹ፓወርሲኤፍጂ› ትእዛዝ መልሶ ማብራት ይቻላል። ኡቡንቱና ሌሎች የሊኑክስ ዓይነቶችን የሚጠቀሙ ደግሞ ‹ስዋፕ› የሚባለውን ቦታ ይመልከቱ። ሚሞሪውን የሚችል ስዋፕ ከሌለ ሃይበርኔት ማድረግ ስለማይቻል፣ ባትሪውን የሚቆጣጠረው ፕሮግራም ያለው አማራጭ ማሽኑን ማጥፋት ብቻ ነው።

አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው፤ ኃይል የሚቆረጥበት። የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ የሊቲየም ሴሎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ ወደ 3 ቮልት ሲወርድ እንዳይበላሽ ሲባል መቆም አለበት። ከሴሎቹ ጋር ያለች ትንሽ ሰሌዳ ቮልቱን እየተከታተለች፣ ከወሰኑ በታች ሲወርድ መስመሩን ትቆርጣለች፤ ዊንዶውስን አታስፈቅድም። ስክሪን ላይ የምናየው መቶኛም ግምት ነው፤ ስንት ኃይል እንደገባና እንደወጣ ተቆጥሮ የሚሰላ። ሴሎቹ ሲያረጁ ውስጣዊ እንቅፋታቸው ይጨምራል፤ ስለዚህ ላፕቶፑ ድንገት ብዙ ኃይል ሲስብ፣ ለምሳሌ ቪዲዮ ሲከፈት፣ ቮልቱ በአንዴ ይወርዳል። ሂሳቡ ገና 18 በመቶ እያለ ሰሌዳዋ ትቆርጣለች። ሃይበርኔት እንዲጀምር የታዘዘው 5 በመቶ ላይ ከሆነ ተራው ሳይደርስ ቀረ ማለት ነው።

የአየሩም ነገር አለበት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረጎን ወርደው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ የሚያገኟት ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ብላ ትሞቃለች። ሊቲየም ባትሪን ሙቀት ያስረጀዋል፤ ይልቁንም ሁልጊዜ 100 በመቶ ሞልቶ ቻርጀር ላይ ሲውል። ብርድ ደግሞ ያን ውስጣዊ እንቅፋት ስለሚያብሰው፣ ያረጀ ባትሪ በደሴ የጥቅምት ማለዳ ቀድሞ ሊከዳ ይችላል።

የባትሪውን ዕድሜ ለማወቅ ጠጋኝ አያስፈልግም። ያው ‹ፓወርሲኤፍጂ› ‹ባትሪ ሪፖርት› ተብሎ ሲታዘዝ አንድ ገጽ ያወጣል። ‹ዲዛይን ካፓሲቲ› ከሚለው ጋር ‹ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ› የሚለውን ያነጻጽሩ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ከሆነ ባትሪው ደክሟል። ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙ ገንዘቡን ከመቁጠርዎ በፊት ይህን ገጽ ያስወጡ።

አዲስ ባትሪ እስኪገዛ ድረስ ሃይበርኔት የሚጀምርበትን የክሪቲካል ባትሪ መጠን ከ5 ወደ 20 ወይም 25 በመቶ ከፍ ማድረግ ሥራን ያድናል። መቶኛው የሚዘልል ከሆነ ባትሪውን ሞልቶ፣ እስኪያልቅ ተጠቅሞ፣ ሳያቋርጡ እንደገና መሙላት ግምቱን ያስተካክላል፤ የደከመውን ሴል ግን አይመልሰውም። ሲገዙም አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቮልት ከአዲሱ ጋር ያመሳክሩ፤ 11.1 እና 14.8 አንድ አይደሉም። ያበጠ ባትሪ ካዩ ግን መሙላት ያቁሙ፣ አይውጉት፣ አይጫኑት፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ይህን ሁሉ ለመሞከር መብራት እስኪሄድ አይጠብቁ። ዛሬ ፋይልዎን ሴቭ አድርገው ቻርጀሩን ይንቀሉና ላፕቶፑ በስንት በመቶ፣ እንዴት አድርጎ እንደሚጠፋ ይመልከቱ።