«አንድ ሁለት» ስንት ነው?

ባለፈው ሰኞ ጠዋት አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባችን ዓይኑ ቀልቶ ሲገባ፥ «ምነው፥ ደኅና አላደርክም?» ብንለው፥ «ኧረ ደኅና ነኝ፤ ትናንት ማታ ከልጆቹ ጋራ አንድ ሁለት ብለን ነው» ሲል መለሰልን። ነገሩን አጥብቀን ብንጠይቀው ግን «አንድ ሁለት» የተባለው አራት ጃምቦ ድራፍት ሆኖ ተገኘ። ስለ መጠጥ ስሞች ይህችን ጥቂት እንድንጽፍ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

በአዋጅና በደብዳቤ የምናገኛቸው ቃላት «የአልኮል መጠጥ» እና «አስካሪ መጠጥ» የሚሉት ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ሲከለክል፥ ጠጁም አረቄውም ቢራውም በዚህ በአንዱ ስም ይጠቃለላሉ። የመሸታ ቤት ቋንቋ ግን መጠጡን ትቶ ዕቃውን ይጠራል። ጠጅ የሚሻው «አንድ ብርሌ»፥ አረቄ የሚሻው «አንድ መለኪያ»፥ ድራፍት የሚሻው «አንድ ጃምቦ» ይላል። ከጫት በኋላ የሚጠጣው ደግሞ «ጨብሲ» ይባላል። ወዳጃችን ሲሆን «ቀመሰ» እንጂ ጠጣ፥ «ሞቅ አለው» እንጂ ሰከረ አንልም፤ «ጋተ» እና «ጨለጠ» የሚሉት ለማንወደው ሰው የተቀመጡ ናቸው።

ከወዳጁ ጋራ በአዋጅ ቋንቋ የሚጫወት የለምና ይህን አንነቅፍም። ነገር ግን ስሙ ስላነሰ መጠጡ አያንስም። ግማሽ ሊትር በሚይዝ ጃምቦ የተቀዳው ቢራ ከመቶ 5 እጅ አልኮል ቢኖረው፥ 25 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለበት ማለት ነው፤ አራቱ ሲደመሩ 100 ይሆናሉ። ባልደረባችን ይህን ጠጥቶ መኪናውን ራሱ እየነዳ ወደ ቤቱ ገባ። ጓደኞቹ «ሞቅ ብሎታል» ብለው ስቀው ሸኙት፤ «ሰክሯል» ብለው ቢሆን ኖሮ ቁልፉን በተቀበሉት ነበር። በሰላም መግባቱ ዕድል እንጂ ብልኀት አይደለም።

የቃላቱ ምንጭም አስተማሪ ነው። «አረቄ» ላብ ከሚል የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው፤ ሲወጣ ጠብ ጠብ ማለቱን ያስታውሷል። «አልኮል» የሚለውም ከዐረብኛ የተወረሰ ሲሆን፥ ከእኛው «ኩል» ጋራ ዘመድ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፥ ለጨዋታ ጊዜ በቅጽል ስሙ እንጥራው፤ ቁልፍ በእጅ ሲያዝ ግን በእውነተኛ ስሙ እንጥራው። በቃል እንኳላለን ስንል ዓይን እንዳናጠፋ።