የመጫወቻ መንኮራኩር፡- በኪሎ ወይስ በትኬት?

በመስከረም፣ ያሆዴና ማሳላ ሲደርሱ፣ የሀዲያና የከምባታ ከተሞች ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር በሚገባ ሰው ይሞላሉ። ሆሳዕና ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ገበያ፣ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ የልጆች መጫወቻ ልክፈት የሚል ባለሀብት አይጠፋም፤ ደላላውም «ያገለገለ ማሽን በርካሽ አለ» ማለቱ አይቀርም። ለመሆኑ አሮጌ መጫወቻ መቼ ያዋጣል? የሁለት ታላላቅ መንኮራኩሮች ዕጣ ብዙ ያሳያል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው)።

አንደኛውን መሐንዲሱ ጆርጅ ፌሪስ በ1893 ለቺካጎ የዓለም ትርዒት ሠራው። ቁመቱ 80 ሜትር፣ ክፍሎቹ 36፣ በየክፍሉ 60 ሰው፣ ትኬቱ 50 ሳንቲም። ትርዒቱ እስኪዘጋ ድረስ ገበያው ደራ። ከዚያ ተነቅሎ በዚያው ከተማ ሌላ ሰፈር ቢተከልም ደንበኛ ራቀው። ፌሪስ በ1896፣ በ37 ዓመቱ ሞተ። መንኮራኩሩም በ1906 በሴንት ሉዊስ ከተማ በድማሚት ፈርሶ ለቁራሌ ሆነ።

የቪየናው ግን በ1897 በፕራተር መናፈሻ እንደተተከለ ዛሬም ይሽከረከራል። በ1916 እንዲፈርስ ፈቃድ ወጥቶ ነበር፤ ያዳነው የማፍረሻ ገንዘብ መጥፋቱ ነው! በ1919 የገዛው የፕራግ ነጋዴ ኤድዋርድ ሽታይነርም ሊያፈርሰው አስቦ ነበር፤ ኋላ ማከራየቱን መረጠ። ናዚዎች በ1938 ንብረቱን ነጠቁት፣ በ1944 እሱንም በአውሽዊትዝ ገደሉት። በዚያው ዓመት መንኮራኩሩ ተቃጠለ።

በ1947 እንደገና ሥራ ሲጀምር ከ30ዎቹ ክፍሎች የተመለሱት 15 ብቻ ናቸው። ብረቱ በመዳከሙ ሸክሙ እንዲቀልለት ተፈለገ። ለነጋዴ ግማሽ ወንበር ማለት ግማሽ ገቢ ይመስላል። ሆኖም ሰው በማይጠፋበት መናፈሻ መሀል መቆሙ ጠቅሞታል፤ በ1949 «ሦስተኛው ሰው» በተባለው ፊልም ላይ መታየቱም ስሙን አገነነው። እርጅናው ራሱ ሸቀጥ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ደላላው አዲሱን ቀለም ሲያሳይዎ የመሀል ዘንጉን፣ ኩሽኔታውንና ብየዳውን የሚመረምር መካኒክ ይዘው ይሂዱ። መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ አስቀድመው ይጠይቁ። የነቀላው፣ የጭነቱና የተከላው ወጪ ከግዢው ዋጋ ጋር ይደመር። የበዓሉ ሰሞን ሂሳብም ለብቻው አይበቃም፤ ሕዳርና ታኅሣሥ ላይ ማን ትኬት እንደሚቆርጥ ይታሰብ።