ወረርሽኝ ሲመጣ የሰበካ ጉባኤ፣ የዕድርና የማኅበር ድርሻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ወረርሽኝ ሲነሣ ብዙዎቻችን ጉዳዩን የመንግሥትና የሐኪሞች ሥራ አድርገን እናስበዋለን። ይሁን እንጂ ብዙው ተላላፊ በሽታ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው ሕዝብ በሚገናኝበት ሥፍራ ስለሆነ፣ ሕዝብን የሚያሰባስቡ ሁሉ ከኃላፊነቱ ውጭ ሊሆኑ አይችሉም። በይጁቤ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የባሶ ሊበን ገጠር ቀበሌዎች ሕዝቡን ለደስታም ለኀዘንም የሚያሰባስቡት ቤተ ክርስቲያን፣ ዕድር፣ ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር ናቸው። እነዚህ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች መዝገብ ባይሰፍሩም፣ በሥራቸው ግን ለሕዝቡ ከማንኛውም ድርጅት የቀረቡ ናቸው።

ያለፈው ዘመን ትምህርት

በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው የኅዳር በሽታ፣ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አካል ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ሳይቀሩ ታመው ድነዋል። በከተማዋ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ የሚገመት ሲሆን፣ አስታማሚውም ቀባሪውም አብሮ በመታመሙ ሙታንን በወግ መቅበር እንኳ አዳጋች ሆኖ ነበር። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠሉ ልማድ የዚያ መከራ መታሰቢያ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ሕመምተኛ በአገራችን ተገኘ። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። የሃይማኖት ተቋማት ጸሎት በቴሌቪዥን ተላለፈ፤ የሚያዝያ 11 ቀን የትንሣኤ በዓልም ብዙው ምእመን በቤቱ ሆኖ ያከበረው ነበር። በሽታው በአገራችን ከ7,500 በላይ ሰዎች እንደሞቱበት ተመዝግቧል። አዋጅ ከላይ ቢወርድም፣ በየደጃፉ እንዲፈጸም የሚያደርገው ግን ሕዝቡ የሚያምነው ሰው ቃል ነው።

የዕድር ሕግና ሕመምተኛው

ብዙ ዕድሮች ከቀብር የቀረ አባልን በገንዘብ ይቀጣሉ። ይህ ሕግ በሰላሙ ጊዜ መተጋገዝን ያጸናል፤ በወረርሽኝ ጊዜ ግን የሚያስለው ሰው መቀጫውንና ሐሜቱን ፈርቶ ወደ ለቅሶ ቤት እንዲመጣ ያስገድደዋል። ጎረቤቱን ሊያጽናና የመጣው ሰው ሳያውቅ በሽታ ያመጣበታል። የጽዋ ማኅበር ዋንጫ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞርም አደጋው ተመሳሳይ ነው።

መፍትሔው ፍቅርን መተው አይደለም፤ የሚገለጥበትን መንገድ መለወጥ እንጂ። የዕድሩ ጉባኤ «የታመመ ሰው ቢቀር አይቀጣም፤ ኀዘንተኛውም በየተራ ይጎበኛል» ብሎ አስቀድሞ በመተዳደሪያ ደንቡ ቢጽፍ፣ በክፉ ቀን ክርክር አይነሣም። በዚህም ላይ ካህናት «በሕመም የቀረ ወንድማችሁ አልናቃችሁም፤ ጠበቃችሁ እንጂ» ብለው ቢያስተምሩ፣ አዋጅ የማይደርስበት ልብ ይደርሳሉ።

ጠበልና መድኃኒት

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባና መድኃኒትም ከእግዚአብሔር እንደሆነ ያስተምረናል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ጠበል የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ አስታውቀዋል። ስለዚህ ሕመምተኛን ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብሎ ማስጨነቅ አይገባም።

የጠበል ሥፍራዎችን ንጽሕና መጠበቅም የእኛው ድርሻ ነው። በ2015 ዓ.ም. በምዕራብ ጎንደር ቋራ ወረዳ፣ ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብበት በበርሚል ጊዮርጊስ ጠበል ሥፍራ የኮሌራ ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር። ኮሌራ በዓይነ ምድር በተበከለ ውኃና ምግብ ይተላለፋል። የጠበሉ ቅድስና የመጸዳጃ ቤትንና የንጹሕ መጠጥ ውኃን አስፈላጊነት አያስቀርም፤ እንዲያውም ሥፍራው የተቀደሰ ስለሆነ ንጽሕናው ይበልጥ ይገባዋል።

ከወዲሁ ሊደረግ የሚገባው

ሰበካ ጉባኤው በሽታ ሳይመጣ የሚከተሉትን በቃለ ጉባኤ ቢወስን መልካም ነው።

1. ከጤና ኬላው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር የሚገናኝ አንድ ካህንና አንድ ምእመን ይመረጡ። ወሬ ሲነሣ እውነቱን ከባለሙያዋ ጠይቀው በዐውደ ምሕረት ያስታውቁ።

2. ረዳት የሌላቸው አረጋውያንና ሕሙማን ይመዝገቡ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ለማን ውኃና እህል እንደሚያደርሱ ይደልደሉ።

3. በቤተ ክርስቲያኑ በርና በጠበሉ ዙሪያ የእጅ መታጠቢያ ይዘጋጅ፤ ውኃ የሚሞላው ሰውም በስም ይታወቅ።

4. ዕድሮችና ማኅበራት የለቅሶና የጽዋ ሥርዓታቸው በወረርሽኝ ጊዜ ምን እንደሚመስል ተነጋግረው በደንባቸው ይጻፉ።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቀድሞ መመካከርን ነው። ደጉ ሳምራዊ ለቆሰለው ሰው አዘነለት፤ በዚያም ሳያበቃ ቁስሉን አሰረ፣ ዘይትና ወይን አፈሰሰበት፣ ለእንግዳ ማረፊያውም ጠባቂ ገንዘብ ሰጥቶ አደራ አለ። ርኅራኄው ሥርዓት ነበረው። የእኛም ርኅራኄ በክፉ ቀን ሥርዓት እንዲኖረው፣ በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ይህ አጀንዳ እንዲያዝ በትሕትና እናሳስባለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።