ርእሱን መምህራን የሚመርጡበት ሴሚናር

የአሜሪካዋ ኒው ሄቨን ከተማ በአንድ በኩል እ.ኤ.አ. በ1701 የተመሠረተው ባለጸጋው የል ዩኒቨርሲቲ አላት። በሌላ በኩል ደግሞ አብዛኞቹ ልጆች ከጥቁርና ከላቲኖ ቤተሰብ የመጡባቸው፣ የወላጆቻቸውም ኑሮ ከእጅ ወደ አፍ የሆነባቸው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉባት። ዩኒቨርሲቲው ለመማር ማስተማር በሚያውላቸው ሕንፃዎች ላይ የንብረት ግብር ስለማይከፍል ከከተማው ጋር ሲነታረክ ኖሯል። በዚህ ሁሉ ንትርክ መሀል ግን ከ1978 ጀምሮ ሁለቱ አብረው የሚያካሂዱት አንድ ሥራ አለ፤ የየል ኒው ሄቨን የመምህራን ተቋም ይባላል። ከምሥረታው አንሥቶ ለብዙ ዓመታት የመራው ጄምስ ቪቪያን ነው።

የተቋሙ ሥራ ባጭሩ ለመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ፌሎውሺፕ መስጠት ነው። ፌሎውሺፕ ሲባል ብዙ ሰው ወደ ውጭ መላክን ወይም ዲግሪ ማሻሻልን ያስባል። እዚህ ሁለቱም የሉም። መምህሩ ሥራውን አይለቅም፤ ዲግሪም አይሰጠውም። ዋናው ልዩነት የሚታየው ግን ነገሩ በሚጀመርበት ቦታ ላይ ነው። በትምህርት ቤቶቹ ውስጥ ተቋሙን የሚወክሉ መምህራን አሉ። እነዚህ ባልደረቦቻቸውን እየዞሩ «ለመጪው ዓመት ምን ብትማሩ ለክፍላችሁ ይጠቅማል?» ብለው ይጠይቃሉ። ተቋሙ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄዶ ርእሱን የሚመራ ፕሮፌሰር የሚፈልገው መልሱ ተሰብስቦ ከተጣራ በኋላ ነው። ማለትም ፕሮፌሰሩ ሊያስተምር የወደደውን ይዞ አይመጣም፤ መምህራኑ የጠየቁትን ይዞ ይመጣል።

ያመለከተው መምህር በክፍሉ ሊያስተምረው ያሰበውን ትምህርት ይገልጻል፤ ሐሳቡም ከትምህርት ቤቱ ሥርዓተ ትምህርት ጋር መስማማቱ ይታያል። ከተቀበሉት በኋላ የዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ አባል ሆኖ ይቆጠራል፤ ቤተ መጻሕፍቱም ይከፈትለታል። ከዚያ ከጸደይ እስከ ሐምሌ ድረስ የሚዘልቅ ሴሚናር አለ። የመጀመሪያ ደረጃና የሁለተኛ ደረጃ፣ የሒሳብና የእንግሊዝኛ፣ የሥነ ጥበብና የሳይንስ መምህራን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። የፕሮፌሰሩ ድርሻ የዘርፉ እውቀት ነው፤ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያዋጣ ግን የሚያውቁት መምህራኑ ናቸውና በዚያ ላይ ትእዛዝ አይሰጥም። እኔ ከሁሉም የምወድለት ይህን የሥራ ክፍፍል ነው።

በመጨረሻ እያንዳንዱ ፌሎው፣ ማለትም ተሳታፊ መምህር፣ አንድ የትምህርት ምዕራፍ ጽፎ ያስረክባል። ይህ የተለመደው የዕለት ትምህርት ዕቅድ አይደለም። ስለ ርእሱ የተጻፈ ሐተታ፣ የማስተማሪያ ስልት፣ የክፍል ውስጥ ተግባራትና የንባብ ዝርዝር ያለው፣ ረቂቁ በሴሚናሩ ሲተች የከረመ ጽሑፍ ነው። ላጠናቀቀም መጠነኛ ክፍያ አለ።

ነገሩ ቀርቦ እንዲታይ ሮጀር ሃው የተባለው የየል የሒሳብ ሊቅ የመራውን ሴሚናር ልጥቀስ። ርእሱ በቃላት የሚቀርቡ የሒሳብ ጥያቄዎች አዘገጃጀት ነበር። ትልቅ የሒሳብ ሊቅ በዚህ ላይ ጊዜ ማጥፋቱ ሊያስገርም ይችላል፤ ግን በእኛው ምሳሌ እንየው። ከበደ 8 ብርቱካን ነበረው፤ 3ቱን በላ፤ ስንት ቀረው? ይህን ልጅ ሁሉ ይመልሰዋል። አልማዝ 8 ብርቱካን አላት፤ ከበደ 3 አለው፤ በስንት ትበልጠዋለች? እዚህ ማንም ምንም አልበላም፤ ግን መልሱ ያው 5 ነው። ጫላ ጥቂት ብርቱካን ነበረው፤ 3 ተጨምሮለት 8 ሆነ፤ መጀመሪያ ስንት ነበረው? አሁን ደግሞ «ተጨመረ» የሚል ቃል እያለ የሚፈለገው መቀነስ ነው። «ቀረ ካለ ቀንስ፣ ተጨመረ ካለ ደምር» ተብሎ የተማረ ልጅ እዚህ ላይ ይወድቃል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የሚቀርብለት የመጀመሪያው ዓይነት ጥያቄ ብቻ ስለሆነ ነው። የሁለተኛ ክፍል መምህርና የአልጀብራ መምህር አብረው ሲቀመጡ ደግሞ የጫላ ጥያቄ ከዓመታት በኋላ የሚመጣው የእኩልዮሽ ትምህርት ጅማሬ መሆኑ ይገለጥላቸዋል።

ተቋሙ በ1990 የራሱ ቋሚ ፈንድ ተመድቦለት የዩኒቨርሲቲው ቋሚ ክፍል ሆኗል። ከ2004 ወዲህ ደግሞ ልምዱን ወደ ሌሎች ከተሞች የሚያደርስ አገር አቀፍ ክንፍ አለው፤ በፊላደልፊያና በሻርለት ተመሳሳይ ተቋማት ተመሥርተዋል።

በአሜሪካ ሌሎች ፌሎውሺፖችም አሉ። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1986 ያቋቋመው የጄምስ ማዲሰን ፌሎውሺፕ የታሪክና የሕገ መንግሥት መምህራንን የማስተርስ ትምህርት ወጪ ይሸፍናል። በቢሊየነሩ የሒሳብ ሊቅ ጂም ሳይመንስ በ2004 የተመሠረተው ማዝ ፎር አሜሪካ ደግሞ የኒው ዮርክ የሒሳብና የሳይንስ መምህራንን ለ4 ዓመት ይይዛል፤ ከደመወዛቸው ሌላም ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላቸዋል። በገንዘብ ረገድ ይህኛው የየሉን ያስንቃል።

የየሉ ተቋም እንከንም አይካድ። ሙሉ ቀን ሲያስተምር የዋለ ሰው ከሥራ በኋላ ሴሚናር ተቀምጦ፣ ሌሊት ረቂቅ መጻፍ ይጠበቅበታል። ስለዚህ የሚያመለክተው ብዙውን ጊዜ ድሮም ትጉህ የነበረው ነው። የደከመውና ተስፋ የቆረጠው መምህር ደግሞ ከነተማሪዎቹ ከበር ውጭ ይቀራል። የደመወዝን ጥያቄም ፌሎውሺፕ አይመልስም።

የአገራችን መምህር ይህን ሲያነብ ተሙማ፣ ማለትም ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ ትዝ ሳይለው አይቀርም። ተሙማ በዓመት 60 ሰዓት ይጠይቃል፤ ፖርትፎሊዮ ይያዛል፤ ይፈረማል። 60 ሰዓት ትንሽ አይደለም። በእኔ አስተያየት የጎደለው መምህሩን «አንተስ ምን መማር ትፈልጋለህ?» ብሎ የሚጠይቅና የጠየቀውን ይዘት አብሮት የሚያጠና ምሁር ነው። ምሁራኑ ደግሞ አሉ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከማስተማርና ከምርምር ሌላ የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታ አለባቸው፤ አብዛኞቹም በአቅራቢያቸው የመንግሥት ትምህርት ቤት አላቸው። የየል ፌሎዎች የጻፏቸው የትምህርት ምዕራፎች በድረ ገጽ በነፃ ስለሚገኙ ለናሙና የሚሆን አይጠፋም። የሒሳብ፣ የባዮሎጂ ወይም የታሪክ ትምህርት ክፍል ኃላፊ የሆናችሁ አንባብያን ለሙከራ ያህል አንድ ሴሚናር ክፈቱ፤ ርእሱን ግን መምህራኑ ይምረጡት።